ሳሎን ለሳሎን ያዞርናቸው ልጆች

ልጄ ባለፈው ጁላይ ኢኳዶር ደርሳ መጣች። 16 ዓመቷ ነው። ከ12 እኩዮቿና ከሁለት መሪዎች ጋር ሦስት ሳምንት ቆየች። መጀመሪያ ተራራ፣ ቀጥሎ የአማዞን ጫካ፣ መጨረሻ ላይ የጋላፓጎስ ደሴቶች። እኛ በምንኖርበት ቨርጂኒያ ይህ ብርቅ አይደለም። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ልጁን እንዲህ ያለ ጉዞ የሚልክ ወላጅ ብዙ ነው። ለእኔ ግን ልጅን ዘመድ ወደሌለበት አገር መስደድ አዲስ ነበር። አዲስ አበባ ያለችው እህቴ ስትሰማ "ምን አጥታ ነው ጫካ የምትገባው?" አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

ፍርሃቴም ከመሬት የተነሳ አልነበረም። ኢኳዶር እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ ላይ በታጠቁ ወንበዴዎች የተነሳ "የውስጥ የትጥቅ ግጭት" የታወጀባት አገር ናት። አዘጋጆቹ በየት በኩል እንደሚሄዱ፣ የት እንደሚያድሩ፣ የትኛው ከተማ እንደማይገቡ ዘርዝረው በጽሑፍ ሰጡን። የቢጫ ወባ ክትባት ተከተበች። ያቺን ቢጫ ካርድ ሳያት እኔ ራሴ ከአገር የወጣሁበት ሳምንት ትዝ አለኝ።

የዕቃ ዝርዝርም ላኩልን። መጨረሻው ላይ እንዲህ የሚል አለ፦ ቦርሳውን የሚሸከመው ልጁ ራሱ ነው። ስልክ በመጀመሪያው ማታ ይሰበሰባል፤ በሳምንት አንዴ ብቻ ለትንሽ ደቂቃ ይሰጣል። እኔ ከዝርዝሩ ውጪ አንድ ፌስታል ቆሎ ጨመርኩላት።

ኪቶ፣ ዋና ከተማቸው፣ 2,850 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። ከአዲስ አበባም ትበልጣለች። ልጄን መጀመሪያ ሁለቱን ቀን ራሷን አሟት ነበር። ከዚያ ኮቶፓክሲ ወሰዷቸው። 5,897 ሜትር የሚደርስ፣ ጫፉ በረዶ የለበሰ እሳተ ገሞራ ነው። ልጆቹ ጫፉ ድረስ አይወጡም። ከ4,800 ሜትር በላይ ወዳለች አንዲት ማረፊያ ቤት ነው የሚሄዱት። መኪናው ከሚቆምበት ቦታ ቤቷ ቁልጭ ብላ ትታያለች። ለመድረስ ግን አንድ ሰዓት ፈጀባቸው። አሥር እርምጃ ሄደው ይቆማሉ፣ ይተነፍሳሉ፣ እንደገና አሥር እርምጃ። "ማሚ፣ ማንም ቦርሳዬን አልያዘልኝም" አለችኝ። ያለችው በኩራት ነው።

ፎቶዎቹን ስታሳየኝ ደጋው ገረመኝ። ቢጫ ሣር፣ ጉም፣ ብርድ ልብስ የመሰለ ነገር ደርቦ በፈረስ የሚያልፍ ሰው። "የባሌን ደጋ ይመስላል" አልኳት።

"ባሌ ሄደሽ ታውቂያለሽ?"

አላውቅም። እኔም ባሌን የማውቀው በፎቶ ነው።

ጥያቄው በዚያ አላበቃም። አስጎብኚያቸው ኪቶ ላይ ሆኖ አንድ ነገር ነግሯቸዋል። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1978 የመጀመሪያዎቹን 12 የዓለም ቅርሶች ሲመዘግብ ሁለቱ የኢኳዶር ነበሩ፤ የኪቶ ከተማና ጋላፓጎስ። እሷ ስልኳ ሲመለስላት ዝርዝሩን ፈልጋ አገኘችው። እዚያው 12ቱ ውስጥ ሁለት የኢትዮጵያ ስም አለ፦ ላሊበላና የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ። ቤት ከገባች በኋላ እራት ላይ ይህን አነሳች። ላሊበላን አንዴ አይቻለሁ። ሰሜን ተራሮችን አላየሁም። ልጅ ሆነን የራስ ዳሽንን ከፍታ 4,620 ሜትር ብለን ሸምድደን ነበር፤ አሁን 4,550 ገደማ ነው ይባላል። ከክፍላችን ግን አንድም ልጅ ቦታውን ረግጦት አያውቅም። መምህራችንም አላዩትም ነበር። ጭላዳ ሣር እየነጨ የሚውል መሆኑን፣ ዋልያ ከዚያ ተራራ በቀር በዓለም ላይ የትም አለመኖሩን ያወቅኩት እዚህ አገር መጥቼ ቴሌቪዥን ላይ ነው።

ቀጥላ የጠየቀችኝ ግን ከሁሉም የባሰ ነበር። "አገር ቤት ሦስት ጊዜ ወስደሽናል። ለምን አንድም ቀን ተራራ አልሄድንም?"

እውነቷን ነው። ሦስት ጊዜ ወስጃቸዋለሁ። ሦስቱንም ጊዜ ያዩት ሳሎን ነው። ቦሌ አንድ ሳሎን፣ ገርጂ አንድ ሳሎን፣ ሰሚት አንድ ሳሎን። ሶፋው ጥግ ይቀመጣሉ። ለስላሳ ይቀርብላቸዋል። "ይቺ የእናትሽ አክስት ናት፣ ሳሚያት" ይባላሉ። "አማርኛ ትችላለች?" ተብሎ እኔ እጠየቃለሁ። ከዚያ ወደሚቀጥለው ቤት። ሠርግ ካለ ሠርግ፣ ለቅሶ ካለ ለቅሶ። አንድ ቀን ቢሾፍቱ ሄደን ሐይቅ ዳር ምሳ እንበላለን፣ ማታ እንመለሳለን። ሦስት ሳምንቱ በዚህ ያልቃል።

ዘመድ መጠየቁን አላቃልልም። የሄድነውም ለዚያ ነው። አንዱን ቤት ዘለን ብንመጣ ለዓመታት የሚቀር ቅሬታ ነው። እናቴ በሕይወት እያለች ከእሷ ጋር የተቀመጡባት እያንዳንዷ ሰዓት ለልጆቼ ሀብት ናት። ሌላውም ምክንያት እውነት ነው። እኛ የምንሄደው እዚህ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ነው፤ ያ ወቅት ደግሞ አገር ቤት ክረምት ነው፣ ተራራው በጉምና በዝናብ ይሸፈናል። ካለፉት ዓመታት ጦርነት ወዲህ ደግሞ ሰሜኑ ሰላም የለውም። ይህን ሁሉ ለልጄ ነገርኳት። ግን ስነግራት ለራሴም አልበቃኝም። ጎንደር መስመር ሰላም በነበረበት ጊዜም አልወሰድኳቸውም።

ነገሩ ከዚህ ይልቅ ወደ ኋላ የሚሄድ ይመስለኛል። አባቴ የገጠር ልጅ ነበር። ትምህርት ቤት ለመድረስ ጠዋት ሁለት ሰዓት፣ ማታ ሁለት ሰዓት በባዶ እግሩ ዳገትና ቁልቁለት ሄዷል። ጫካ ማለት ለእሱ እንጨት የሚለቀምበት፣ ጅብ የሚፈራበት ቦታ ነው። የተማረው ከዚያ ለመውጣት ነው። እኛንም ያስተማረን ከዚያ እንድንርቅ ነው። እንዲህ ያለ ሰው ልጆቹን ሰብስቦ "ኑ ተራራ ላሳያችሁ" አይልም። አልፈርድበትም። አስፋልት ላይ ያሳደገን በብዙ ልፋት ነው። ግን የእሱ ድካም እኔ ላይ ሲደርስ ሌላ ነገር ሆነ። ገጠር ማለት ድህነት ነው የሚል ስሜት ሆኖ ቀረ። እኔም ሳላውቀው ለልጆቼ አወረስኩት። ልጄ ድንኳን ውስጥ ማደርን፣ ሸክም ተሸክሞ መውጣትን ተምራ የመጣችው የሰው አገር ሄዳ ነው። ይህ ያመኛል።

የአማዞኑን ክፍል ስታወራ ድምጿ ይለወጣል። ናፖ በሚባል ወንዝ ላይ በታንኳ ተጉዘው ኪችዋ የሚባሉት ነባር ሕዝቦች መንደር አርፈዋል። ጭቃ ስለሆነ ሁሉም ሰው ቦቲ ያደርጋል። "እንደ አዲስ አበባ ክረምት" አለች፤ የአክስቷ ልጆች ትምህርት ቤት ሲሄዱ የሚያደርጉትን ቦቲ አስታውሳ። አንድ ቀን ሌሊት አሥር ሰዓት ላይ ቀሰቀሷቸው። የቤቱ እመቤት እሳት አንድዳ ጉዋዩሳ የሚባል ቅጠል ትቀቅላለች። እንደ ሻይ ነው፤ እንደ ቡና ያነቃል። በቅል ቀድታ ለእያንዳንዱ ሰጠች። ከዚያ በእሳቱ ዙሪያ እያንዳንዱ ሰው የሌሊት ሕልሙን ይናገራል። ሽማግሌዎቹ ይፈቱታል። ውሎው የሚወሰነው ከዚያ በኋላ ነው። ልጄ ዝም ብላ ስታዳምጥ ቆይታ ተራዋ ሲደርስ አያቷን በሕልሟ ማየቷን ተናገረች። እናቴ ጠዋት ቡና ላይ ሕልሟን ሳትናገር ቀኗ አይጀምርም ነበር። ልጄ ይህን ያየችው በስድስት ዓመቷ ነው። ለካ አልረሳችውም።

በዚያው ቤት ስለ ያሱኒ ፓርክ ሰምታለች። በፓርኩ አንድ ክፍል ሥር ነዳጅ አለ። ኢኳዶር እ.ኤ.አ. በኦገስት 2023 ሕዝቡን አስመረጠች፤ ከአሥር መራጭ ስድስቱ ገደማ ነዳጁ መሬት ውስጥ ይቅር አለ። የቤቱ ልጅ የእሷ እኩያ ነው። ወላጆቹ ምን እንደመረጡና ለምን እንደመረጡ ቁጭ ብሎ አስረድቷታል።

እሷም በተራዋ ስለ ቡና ነገረቻቸው። ቡና የኢትዮጵያ መሆኑን ታውቃለች። በትልልቅ ዛፍ ሥር፣ ጫካ ውስጥ፣ ማንም ሳይተክለው እንደሚበቅል ግን አታውቅም ነበር። ይህን ስነግራት ማመን አቃታት። ባሌ ውስጥ ሐረና የሚባል ደን አለ፤ የዱር ቡና ዛሬም ይለቀምበታል።

ጋላፓጎስ ከአህጉሩ 1,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ባሕር መሃል ያለ የደሴቶች ስብስብ ነው። ከመሳፈራቸው በፊት አውሮፕላን ማረፊያው ላይ ቦርሳቸው ተፈተሸ። ለቦምብ አይደለም፤ ለዘር፣ ለፍራፍሬ፣ ለአፈር ነው። የኔ ቆሎ እዚያ ተገኘ። ፈታሿ ጥቂቱን መዳፏ ላይ አፍስሳ አገላብጣ አየችው። በአስተርጓሚ የጠየቀቻት አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፦ "ይበቅላል?" ልጄ የተቆላ መሆኑን አስረዳች። ቢሆንም ለጥንቃቄ ትታው ተሳፈረች።

ይህን ስሰማ ጣና ነው የታየኝ። እምቦጭ የሐይቃችን ተክል አይደለም። አገሩ ደቡብ አሜሪካ ነው፣ ያው ልጄ የሄደችበት የአማዞን ምድር። ማን እንዳመጣው፣ በየት እንደገባ ማንም ልብ ሳይል ገብቶ ዓሣ አስጋሪውን ከሥራ አስቀመጠ። ሰው በእጁ እየነቀለ ስንት ዓመት ታገለው። ጋላፓጎሶችም ያለ መከራ አልተማሩም። መርከበኞች ያመጧቸው ፍየሎች ተራብተው የግዙፎቹን ኤሊዎች ግጦሽ ጨርሰው ነበር። ፍየሎቹን ከትልልቆቹ ደሴቶች ለማጥፋት ዓመታት ፈጅቷል። ፒንታ የምትባለው ደሴት የመጨረሻ ኤሊ ግን ዘር ሳይተካ እ.ኤ.አ. በ2012 ሞተ። "ይበቅላል?" የሚለው ጥያቄ የመጣው ከዚያ ሁሉ በኋላ ነው።

ደሴቶቹ ላይ ሕጉ ጥብቅ ነው። ያለ አስጎብኚ ከመንገድ አይወጣም። ከእንስሳ ሁለት ሜትር መራቅ ግዴታ ነው። እንስሳቱ ግን ሕጉን አያውቁትም፤ ራሳቸው ይቀርባሉ። ባሕር ውስጥ ገብቶ አልጌ የሚግጥ፣ ሲወጣ ጨዉን በአፍንጫው እፍ ብሎ የሚረጭ ጥቁር እንሽላሊት አለ። ጫማዋ አጠገብ ተኝቶ ፀሐይ ሲሞቅ በፎቶ አሳየችኝ። የባሕር አንበሶች የዓሣ ገበያው ጠረጴዛ ሥር እንደ ውሻ ተቀምጠው ትርፍራፊ ይጠብቃሉ። ሐዋሳ አሞራ ገደል የሄደ ሰው አባ ኮዳን እንደዚያው ቆሞ አይቶታል።

ከቡድኑ አንዷ ልጅ ዛጎል አንስታ ኪሷ ከተተች። አስጎብኚው አየ። አልተቆጣም። ጠራትና ከየት እንዳነሳችው ጠየቃት። እሷም በግምት አሸዋው ላይ ልትወረውረው ስትል "አይ፣ ያነሳሽበት ቦታ" አላት። ሌሎቹ አሥራ ሁለት ልጆች ቆመው ጠበቁ። ልጅቷ የራሷን ዱካ እየፈለገች ተመልሳ ቦታውን አገኘችውና አስቀመጠችው። ሰውዬው የዚያው ደሴት ልጅ ነው። ነገሩን የነገራቸው እንደ ቤቱ ዕቃ ነው፣ ልጄ እንዳለችው።

የውጭ ጎብኚ ጋላፓጎስ ለመግባት 200 ዶላር ይከፍላል። የአገሩ ሰው 30 ነው። በእኔ እምነት ይህ ትክክል ነው። የአገሬው ልጅ የራሱን ምድር ለማየት ዋጋው ሊከብደው አይገባም። እኛም አገር የፓርክ መግቢያ ለአገሬው ርካሽ ነው። የሚከብደው መድረሱ ነው። ትምህርት ቤቶቻችን በዓመት አንድ ቀን አውቶቡስ ተከራይተው ልጆቹን ያወጣሉ፤ ጠዋት ሄደው ማታ ይመለሳሉ። የእህቴ ልጆች አዲስ አበባ ተወልደው አዲስ አበባ አድገው፣ ቀይ ቀበሮ ምን እንደሚመስል የሚያውቁት በስልካቸው ነው። በዓለም ላይ የቀረው ከ500 አይበልጥም፤ ሁሉም ያለው ኢትዮጵያ ውስጥ ነው።

ዘንድሮ ለገና እንሄዳለን። በጋ ነው፣ መንገዱም ደረቅ ነው። ሁለቱን የእህቴን ልጆች ጨምረን ነው። መጀመሪያ ዝዋይ እናድርና በጀልባ ቱሉ ጉዶ ደሴት እንሻገራለን። ከዚያ ባሌ፣ ዲንሾ። የሳኔቲን ደጋ አቋርጠን ሐረና ደን እንወርዳለን። ለእህቴ ይህን በስልክ ስነግራት ዝም ብላ ቆየችና "ባሌ ማን አለን?" አለችኝ።

"ማንም የለንም" አልኳት።

የዘመዶቹን ቤት በመጨረሻው ሳምንት እናዳርሳለን ብያለሁ። አንዳንዱ ይቀየማል፤ እችለዋለሁ። ልጄ የኢኳዶሩን የዕቃ ዝርዝር አማርኛ አድርጋ ለአክስቷ ልጆች በቴሌግራም ልካለች። "ቦርሳውን የሚሸከመው ልጁ ራሱ ነው" የምትለዋን መስመር እንዳለች ተወቻት። የ14 ዓመቱ ልጅ ባለፈው እሑድ ቪዲዮ ላከ። የትምህርት ቤት መጽሐፎቹን በሙሉ ቦርሳው ውስጥ አጭቆ የኮንዶሚኒየሙን ደረጃ ይወጣል። አራተኛ ፎቅ ሲደርስ ቆም ብሎ ተነፈሰና ወደ ታች ወረደ፣ ድጋሚ ሊወጣ።