አከራዮች፣ ሁለት ቀዳዳ ፍቀዱልን

ባለፈው የከተራ ዕለት ጎንደር፣ ማራኪ ሰፈር ያለው ቤታችን በእንግዳ ተሞልቶ ነበር። ገሚሱ ታቦት ሊሸኝ ወደ ባሕረ ጥምቀቱ ወርዷል። እኛ ቤት የቀረነው ስለ ቡናው ስናወራ፣ የሦስት ዓመቱ የእህቴ ልጅ ቡፌው ላይ ያለው ከረሜላ አማረው። መሳቢያዎቹን አንድ በአንድ ስቦ እንደ ደረጃ ወጣባቸው። ቡፌው ወደ ፊት አዘነበለ፣ ቴሌቪዥኑም ተንሸራተተ። ወንድሜ ሮጦ በትከሻው ደገፈው። ልጁ ምንም አልሆነም። የኔ እጅ ግን እስከ ማታ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ቡፌውን ከግድግዳው ጋር ያላሰርነው ሳናስብበት ቀርተን አይደለም። አከራያችን ቤቱን ሲሰጡን የመጀመሪያ ቃላቸው «ምስማር እንዳትመቱ» ነበር። ጎንደር ውስጥ ቤት የተከራየ ሁሉ ይህን ቃል ያውቀዋል። ቀለምና ልስን ውድ መሆኑ ይገባኛል። ግን መሳቢያዎቹ ሁሉ ሲከፈቱ ክብደቱ ወደ ፊት ይመጣል፤ ልጅ ሲንጠላጠልበት ደግሞ ትልቁም ቡፌ አይቆምም። ከላይ በኩል በሁለት ትንንሽ ብረቶች ከግድግዳው ጋር ቢያያዝ ይህ አይመጣም።

እርግጥ አበሳሱም ዕውቀት ይጠይቃል። ጭቃ ቤት ከሆነ ብሎኑ እንጨቱን ማግኘት አለበት። ጭቃው ብቻውን አይዝም፤ ግድግዳውን እያንኳኳችሁ ቋሚውን ፈልጉ። ብሎኬት ውስጡ ክፍት ነው። ተራ ፊሸር (ብሎን እንዲይዝ ቀዳዳው ውስጥ የሚገባው ፕላስቲክ) ቀላል ነገር ይይዛል እንጂ ከባድ ሲሰቀልበት ተነቅሎ ይመጣል። ቦይለር ደግሞ ከሁሉም ይብሳል። 50 ሊትር ውኃ ብቻውን 50 ኪሎ ነው፣ የብረቱ ክብደት ሳይቆጠር። እሱን ኮለን (የኮንክሪት ምሰሶ) ላይ ወይም ድፍን ግድግዳ ላይ ባለሙያ ይስቀለው። ከሶኬት በላይና በታች ቀጥታ አትብሱ፣ ሽቦው ብዙ ጊዜ በዚያ ነው የሚያልፈው።

አከራዮችን የምለምነው አንድ ነገር ነው። ውሉ ላይ «ተከራዩ ሲወጣ ቀዳዳውን በጄሶ ደፍኖ ቀለም ያስነካል» የሚል መስመር ጨምሩና ፍቀዱ። የኛ አከራይ የሆነውን ስነግራቸው ደንግጠው «ኧረ ብሱት!» አሉኝ። ለካ ቀድሞም ምክንያቱን አስረድተን አልጠየቅናቸውም።

ፈቃድ እስክታገኙ ከባዱን ዕቃ ታችኛው መሳቢያ ውስጥ አድርጉት። ሪሞትና ከረሜላ ቡፌ ላይ አታስቀምጡ።