መዝሙር 37፥4 እንዲህ አይልም

ወንድሜ፣ «‹በእግዚአብሔር ደስ ይበልህ፥ የልብህንም መሻት ይሰጥሃል› የሚለውን ይዘህ ጸልይ፤ ዲቪውም ቤቱም ትዳሩም ይመጣል» ብለሃል። በቅንነት እንዳልከው ይገባኛል። ብዙ ሰው እንዲህ ነው የሚረዳው። ግን ስህተት ነው።

እስቲ ከፍ ብለህ ቁጥር 1ን አንብበው። «በክፉዎች ላይ አትቅና» ብሎ ነው የሚጀምረው። የሌላው ኑሮ ሲያምር እያየ ውስጡ ለሚቃጠል ሰው የተነገረ ነው። ቁጥር 16 ደግሞ የጻድቅ ጥቂት ከብዙ ኃጢአተኞች ሀብት እንደሚሻል ይናገራል። ታዲያ የሀብት ተስፋ ከየት መጣ? የታዘዝነው በራሱ በእግዚአብሔር ደስ እንድንሰኝ ነው። እሱን የወደደ ልብ መሻቱም ይለወጣል።

ሐዋርያው ጳውሎስ መውጊያው፣ ማለትም ሥጋውን የሚያሠቃየው ነገር፣ እንዲወሰድለት ሦስት ጊዜ ጌታን ለመነ። አልተወሰደም። «ጸጋዬ ይበቃሃል» ተባለ (2ኛ ቆሮንቶስ 12፥9)። እምነቱ አንሶ ነው እንበል?

አጥብቄ የምጽፈው እናቴን አስታውሼ ነው። እንድትድን ጾምኩ፣ ጸለይኩ። አረፈች። ለቅሶ ላይ አንድ ሰው «እምነት ጎድሎ ይሆናል» አለኝ። ከዚያ በኋላ ለወራት መጸለይ አቃተኝ። እሷ ግን በመጨረሻዋ ሌሊት እጄን ይዛ «ተመስገን» እያለች ነበር። ፊቷ ላይ የጎደለ ነገር አላየሁም።