ስድስት ትሪ እንቁላል በጾም

የሕንጻችን ኩራት የሆኑት ጋሼ የሚኖሩት አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ስማቸውን አልጠራም፤ ትሑት ሰው ናቸው፣ ውዳሴ አይወዱም። ግን እንዲህ ያለ ሰው ሳይመሰገን ቢቀር ዕዳው በእኛ ነው ብዬ ብዕር አነሣሁ።

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. አርብ ነበር። ጤና ሚኒስቴር በአገራችን የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ መገኘቱን፣ ሰውየውም ጃፓናዊ መሆኑን ተናገረ። እኛ የዋሆቹ ቴሌቪዥን ላይ አፍጥጠን «እግዚኦ» ስንል ጋሼ ጫማቸውን እያሠሩ ነበር። አመሻሹ ላይ ደረጃ ሲወጡ አገኘኋቸው። እሳቸው ባለ 30 ትሪ እንቁላል ሦስት ደራርበው፣ ልጃቸው ከኋላ ሌላ ሦስት ተሸክሞ። እንቁላል ቀስ በቀስ በእግሩ ይሄዳል ይባላል፤ ያን ዕለት ግን ቀስ የሚልበት ጊዜ አልነበረውም።

«ጋሼ፣ ጾም አይደል እንዴ?» አልኳቸው።

«ጾም ይፈታል። እንቁላል ግን ያኔ ከየት ታመጣለህ?» አሉኝ።

ልብ በሉልኝ። ጾሙ የገባው የካቲት 16 ነው። ፋሲካ ሚያዝያ 11፣ ገና 37 ቀን ይቀራል። ጋሼ ደግሞ ማክሰኞ ማታ ስድስት ሰዓት ሳይሞላ የወተቱን ብርጭቆ ከእጃቸው የሚያስቀምጡ ሰው ናቸው። ስድስት ትሪ 180 እንቁላል ነው። አንድ ዶሮ በወጉ 12 ብልት ይወጣዋል፣ 12 እንቁላልም ይገባበታል። ስለዚህ ጋሼ በዚያች ምሽት ለ15 ዶሮ የሚበቃ እንቁላል ቤታቸው አስገብተዋል። ዶሮ አንድም አልነበራቸውም።

የአዲስ አበባ ሰው እንደሚያውቀው፣ ዓቢይ ጾም እንቁላል ገዢ የሚያጣበት ወቅት ነው። ዋጋው ይወርዳል፤ ባለሱቁ «ለልጆቹ ውሰጂ እንጂ» እያለ ይለምናል። በዚህ ወቅት እንቁላል ከሰፈር እንዲጠፋ ማድረግ ተራ ሰው የሚችለው ሥራ አይደለም። አሜሪካኖች እንኳ በ2025 (በእነሱ አቆጣጠር) መጀመሪያ የእንቁላላቸውን ዋጋ ሰማይ ለመስቀል፣ አንዱን ደርዘን ከ6 ዶላር በላይ ለማድረስ፣ የወፍ ጉንፋን አስፈልጓቸዋል፤ በሚሊዮን የሚቆጠር ዶሮ አልቆባቸዋል። እኛ አንዲት ዶሮ ሳታስነጥስ ነው የጨረስነው።

ጥፋቱን በዶሮዋ ላይ የሚጥሉ አሉ። እርግጥ ዶሮ ለአገር ጉዳይ ደንታ የላትም። መግለጫ ተሰጠ፣ ሰው ተጨነቀ ብላ በቀን ሁለት አትጥልም። ከአንዱ እንቁላል እስከ ሌላው ከ24 ሰዓት ጥቂት ያልፋታል፤ ቢለምኗትም ያው ናት። ቢሾፍቱ ያለ አርቢ በዚያው አርብ ማታ ልቡ ተነክቶ «ለወገኔ ምርት ልጨምር» ቢል፣ እንቁላሉ 21 ቀን መታቀፍ አለበት፤ የተፈለፈለችውም ጫጩት መጣል እስክትጀምር አምስት ወር ገደማ ትቀለባለች። መጋቢት ላይ የደነገጠ ሰው፣ ድንጋጤው እንቁላል ሆኖ የሚደርስለት ነሐሴ መጨረሻ ነው። ያኔ ደግሞ የደነገጠበትን ነገር ረስቶ በሌላ እየደነገጠ ነው።

ስለዚህ ዶሮዋን እንተዋትና ወደ ሱቁ እንመለስ። ሱቁ ለምሳሌ 10 ትሪ ያወርዳል እንበል፣ 300 እንቁላል። 60 ቤት አምስት አምስት ቢገዛ ለሁሉም ይዳረሳል፣ ስለ እንቁላልም የሚያወራ ሰው አይኖርም። ዐሥር አስተዋይ ቤቶች አንዳንድ ትሪ ሲያነሡ ግን አለቀ፤ ሃምሳው ቤት ባዶ ፌስታል ይዞ ይመለሳል። መንገድ አልተዘጋም፣ መኪና አልተገለበጠም። ከዐሥሩ አንዱን ብትጠይቁት «እኔ ምን አጠፋሁ? አንዲት ትሪ!» ይላችኋል፤ እውነቱን ነው። በማግስቱ ያ ሃምሳ ቤት ትምህርቱን ቀስሞ ሲመጣ፣ እሱም አምስት አይልም፤ ትሪ ነው የሚለው። ባለሱቁም አከፋፋዩን «ዐሥሩን ተወው፣ ሠላሳ አምጣ» ይለዋል፤ አከፋፋዩም ላርቢው እንደዚያው አብዝቶ ይደውላል። በስልክ የሚታዘዘው እንቁላል በዛ። ዶሮዋ ጋ ስልክ የለም።

ጋሼ ታዲያ በረንዳቸው ላይ ቆመው ባዶ እጁን የሚመለሰውን ሰው እያዩ «አላልኩም? አለቀ!» ይላሉ። ትንቢታቸው መሬት ወድቆ አያውቅም። ድሮ ነቢይ ቁጭ ብሎ ትንቢቱ እስኪፈጸም ይጠብቅ ነበር፤ የእኛ ግን ራሳቸው ተሸክመው አራተኛ ፎቅ ያደርሱታል።

የቅዳሜውን ጠዋት ሳልተርክ ባልፍ ይቆጨኛል። «ከሰው ሁለት የአዋቂ እርምጃ ራቁ» የተባልንበት ሰሞን ነው። እኛም ምክሩን ሰማን። ሰምተንም አትክልት ተራ ሄድን፤ ትከሻ ለትከሻ ተጋፍተን፣ አንዱ በሌላው ማጅራት ላይ እየተነፈሰ፣ ከበሽታው ያድነናል ያልነውን ሎሚና ነጭ ሽንኩርት ገዛን። ዝንጅብል የያዘ ሰው ሲያልፍ «ከየት ነው? ከየት ነው?» እያልን በሩጫ እንከተለው ነበር። እኔም ከአዋቂዎቹ አንዱ ነበርኩ። ሁለት ኪሎ ፌጦ ገዛሁ። ፌጦ ለዓመት የሚበቃኝ አንድ እፍኝ ነው፤ ቀሪው ዛሬም ቁም ሳጥኔ ውስጥ አለ። አልፎ አልፎ ከፍቼ አየዋለሁ፤ እሱም ያየኛል።

በዚያው ሰሞን ባለሱቁ «ዘይት ለአንድ ሰው አንድ ባለ 5 ሊትር ብቻ» ብሎ ደነገገ። ጋሼ ሕግ አክባሪ ናቸው፤ አንድ ወሰዱ። ባለቤታቸው መጥተው አንድ ወሰዱ። ልጃቸው ኮፍያ ሳያደርግ አንድ፣ ኮፍያ አድርጎ ደግሞ አንድ ወሰደ። ለዓመታት ተኳርፈው የኖሩት እህታቸው ከኮተቤ በታክሲ መጡ፤ በዘይት ምክንያት ቤተሰብ ሲታረቅ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። የሕንጻችን ዘበኛም ከቤተሰቡ ተቆጥሮ አንድ አነሣ፤ ወዲያው ግን ወደ ዘበኝነቱ ተመለሰ።

ሁሉም ሰው እንዲህ አስተዋይ ቢሆን ምናለ! ግን አይደለም። ከሱቁ ደጃፍ ጉልት ላይ ድንች የሚሸጡ እማማ አሉ። ማታ ማታ የዕለቱን ሽያጭ ከመቀነታቸው ፈትተው ይቆጥሩና ለልጅ ልጃቸው ሁለት እንቁላል፣ ለወጣቸው የዐሥር ብር ዘይት ይገዛሉ። ያን ሳምንት «የለም» እየተባሉ ሦስት ማታ ተመለሱ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ አርቀው አያስቡም። ጋሼ ደጋግመው እንደሚሉት ሰው ገና ሲሰማ ነው መግዛት ያለበት። እማማ የ180 እንቁላል ዋጋ ባንድ ጊዜ ይዘው የማያውቁት ከምን ዓይነት ስንፍና እንደሆነ ግን ሊገባኝ አልቻለም።

ነጋዴውንማ አትውቀሱት፤ የጋሼ ደቀ መዝሙር ነው። ልዩነቱ እሳቸው የሚደብቁት አልጋ ሥር፣ እሱ የሚደብቀው መጋዘን መሆኑ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ ዋጋ ይወሰን ሲባል፣ በአሮጌው ምንዛሪ ተገዝቶ መደርደሪያ ላይ ተኮልኩሎ የነበረው ዘይት ወዲያው ተሰወረ። ሲመለስ ያው ጀሪካን፣ ያው ክዳን፤ ዋጋው ብቻ ውጭ አገር ደርሶ መጥቷል። እኛ «ስግብግብ!» አልነው። ስንል የሁላችንም አልጋ ከመሬት አንድ ጀሪካን ያህል ከፍ ብሎ ነበር። በኮሮናውም በምንዛሪውም ሰሞን የመንግሥት ሰዎች እየዞሩ ዋጋ ጨመረ፣ ዕቃ ደበቀ ያሉትን ሱቅ አሸጉ፤ እኛም አጨበጨብን። አጨብጭበን ስንጨርስ የታሸገ ሱቅ ዘይት እንደማይሸጥ ትዝ አለንና የቀረውን ሱቅ ለመቅደም ሮጥን።

ሊሰቀል የተወሰደ ሌባ እናቱን «በእንቁላሉ ጊዜ በቀጣሽኝ» አላት ይባላል። ጋሼን በእንቁላሉ ጊዜ የቀጣቸው የለም። ለምን ይቀጣሉ? በገዛ ገንዘባቸው ነው የገዙት፤ ደረሰኝም አላቸው።

ቅዳሜ ስዑር፣ ሚያዝያ 10፣ ከሰዓት በኋላ ከአራተኛ ፎቅ ጠሩኝ። ገና ከሦስተኛው ፎቅ ስደርስ ሽታው ተቀበለኝ። ማቀዝቀዣው ያን ሁሉ ሰሞን በሎሚና በነጭ ሽንኩርት ተይዞ ስለነበር፣ እንቁላሎቹ የከረሙት ፀሐይ በሚመታው መስኮት ሥር ነው። ባለቤታቸው ሣፋ ውኃ ሞልተው አንድ በአንድ እየነከሩ ይፈትናሉ፤ የሰመጠው ደኅና፣ የተንሳፈፈው ግም። ሣፋው ላይ የሚታየው ነጭ በነጭ ነበር። ጋሼ ጭምብላቸውን እስከ ዓይናቸው ስበው ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ያ ጭምብል የዚያን ቀን በእውነት ጠቅሟቸዋል።

«አንተ ልጅ» አሉኝ፣ «እስቲ ቶሎ ብለህ እንቁላል አምጣልኝ።»

«ዐሥራ ሁለት ይበቃል?»

እንደ ሕፃን አዘኑልኝ። «ነገ የሚመጣውን ማን ያውቃል? ሦስት ትሪ አድርገው።»

ወረድኩ። ዋጋው የበዓል ዋጋ ሆኗል። ባለሱቁ የቀረው ሦስት ትሪ ብቻ ነበር። ከኋላዬ የጉልቷ እማማ ቆመው ብራቸውን በአንድ እጅ ጨብጠው በሌላው ሁለት ጣታቸውን አንሥተው ያሳዩታል። እኔም የጋሼን አደራ ማጉደል ከበደኝና ሦስቱንም አሳሰርኩ።