እርማት፦ የባሕር ዳርቻ ቤት ፕላን ለደብረ ብርሃን ብርድ

«ፕላን ያው ፕላን ነው፤ የኬንያዋን የጠረፍ ከተማ የሞምባሳን ቪላ ፕላን ከኢንተርኔት አውርዶ ደብረ ብርሃን ላይ መሥራት ይቻላል፣ ለአካባቢው አርክቴክት መክፈል ብክነት ነው» የሚል ሐሳብ እየተደጋገመ ነው። ወጪ ለመቀነስ ማሰቡ አይከፋም፤ ግን ልክ አይደለም።

የሞቃትና እርጥብ ጠረፍ ቤት የሚነደፈው ሙቀት እንዲወጣለት ነው፦ ትይዩ ሰፋፊ መስኮቶች ነፋስ ያሳልፋሉ፣ ወደ ውጭ የረዘመው ጣሪያ ፀሐይ ይከልላል። ደብረ ብርሃን ግን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ውርጭ ይጥላል። እዚህ የሚፈለገው የቀኑን ፀሐይ አስገብቶ ማቆየት ነው።

በታኅሣሥ እኩለ ቀን ፀሐይ በደቡብ በኩል 57 ዲግሪ ያህል ከፍታ ላይ ትሆናለች። ከግድግዳው 1.5 ሜትር የወጣ ጣሪያ ያን ጊዜ 2.3 ሜትር ወደ ታች ጥላ ይጥላል፤ የደቡቡ መስኮት አለቀለት። 60 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ኖሮ ጥላው ከ90 ሳንቲ ሜትር ብዙም አይበልጥም። ፀሐይ ያልገባበት ሳሎን በቀትርም ጋቢ ያስደርባል። የማድቤቱ እንፋሎት ደግሞ በቀዝቃዛው ግድግዳ ላይ ውሃ ይሆንና ከቁም ሣጥኑ ጀርባ ሻጋታ ያወጣል፤ ቀለም ቢደጋገምበት አይለቅም።

ለማረጋገጥ፣ በጠራ የታኅሣሥ ቀን ስድስት ሰዓት ከሩብ ገደማ የ1 ሜትር እንጨት ቀጥ አድርጋችሁ አቁሙ፤ ጥላው ወደ ሰሜን 65 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሆናል። ከዚያ ፕላኑ ላይ የሰሜን ቀስቱን ፈልጉና የሳሎኑ መስኮት ወዴት እንደሚያይ ተመልከቱ። አርክቴክቱም ቦታውን ሳያይ ከነደፈ ይህንኑ ጠይቁት።

ሞቃት ቆላ በሆነችው ሸዋ ሮቢት ላይ ለሚሠራ ሰው ግን ጥላውና ነፋሱ ይጠቅመዋል።