ትምህርት ቤቱን ሰርዛችሁ ሯጩን ልታስተዋውቁን?

ለሴፕቴምበር 30፣ ለካናዳ የእውነትና የእርቅ ቀን፣ ልጆች የሚያነቧቸውን ታሪካዊ ልብ ወለዶች ለመምረጥ ሰሞኑን ቶሮንቶ ውስጥ ሐበሻ ወላጆች ተሰብስበው ነበር። ስለ ነባር ሕዝቦች ስፖርተኞች የተጻፉ ይግቡ ተባለ፤ ደግ። የአዳሪ ትምህርት ቤት፣ ማለትም የነባር ሕዝቦች ልጆች ቋንቋቸውንና እምነታቸውን እንዲተዉ የሚገደዱበት ትምህርት ቤት፣ ምዕራፍ ያለባቸው ግን ለ9 ዓመት ልጅ ይከብዳሉና ይቅሩ ተባለ። ከነባር ሕዝቦች አንዱ ከሆነው ከኦነንዳጋ የወጣው የማራቶን ሯጭ ቶም ሎንግቦት ሲነሣማ፣ ሩጫው ብቻ ይበቃል፣ ሩጫ እንደሆነ በደማቸው ያለ ነገር ነው፣ ይህን ደግሞ እኛ ከማንም በላይ እናውቀዋለን የሚል አስተያየት ተሰንዝሮ ጭብጨባ አገኘ።

የእኔን ደም ያፈላው ይኸው «በደማቸው» የሚሉት ነገር ነው። ከሌላ ሰው አፍ ቢወጣ ባልገረመኝ። አበበ ቢቂላን ስድሳ ዓመት ሙሉ በባዶ እግሩ ሲያስሮጡብን ኖረው የለ እንዴ? በ1964 ቶኪዮ ላይ፣ ትርፍ አንጀቱን ከተቀደደ ስድስት ሳምንት ሳይሞላው፣ ጫማ አድርጎ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሴኮንድ መግባቱን፣ ከሮሙም በ3 ደቂቃ መፍጠኑን ስንቱ ያነሣል? እግሩ ይወራል፣ ጭንቅላቱ አይወራም። ያንኑ ግፍ አሁን እኛው አንሥተን ለኦነንዳጋው ሯጭ እናሸክመው?

ሁለቱ ሐሳቦች ደግሞ የተያያዙ ናቸው። ትምህርት ቤቱን ከመጽሐፉ ካወጣችሁ፣ ልጁ መጀመሪያ ከምን እንደሮጠ የምትናገሩት ይጠፋችኋል፤ ያኔ «ደም» ትላላችሁ። ሎንግቦት ካናዳ ብራንትፎርድ ካለው የሞሆክ ኢንስቲትዩት ከሚባለው አዳሪ ትምህርት ቤት የገባው በ12 ዓመቱ ነው። ቋንቋውንም እምነቱንም እንዲተው ተገደደ። አምልጦ ተያዘ፣ ተቀጣ። ዳግም አመለጠና አጎቱ ቤት ደረሰ፤ አጎቱም ከባለሥልጣናት ደበቀው። የተወለደበት የስድስቱ ሕዝቦች መንደር ከትምህርት ቤቱ በመኪና ግማሽ ሰዓት አይሞላም። ቤቱ እዚያው አፍንጫው ሥር ሆኖ ወደ ቤት መሄድ ጥፋት የሆነበት ልጅ! ከዚህ የተሻለ የመክፈቻ ምዕራፍ አለኝ የሚል ደራሲ ያምጣና እንየው።

የልምምዱ ነገር ይብሳል፤ እዚህ ላይ ትንሽ ታገሱኝ። ሎንግቦት በ1907 የቦስተን ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ24 ደቂቃ ከ24 ሴኮንድ ሲያሸንፍ የቀድሞውን ክብረ ወሰን 5 ደቂቃ በሚጠጋ ልዩነት ሰበረ። (የዚያ ዘመን መንገድ 39 ኪሎ ሜትር ግድም ነበር፤ 42 ከ195 ብሎ የሚጽፍ ደራሲ ሳያጣራ እንደጻፈ እወቁበት።) አሠራሩ ይህ ነበር፦ አንድ ቀን በኃይል ይሮጣል፣ በማግስቱ ረጅም መንገድ በእርምጃ ይጓዛል። ጎበዝ ሯጭ በየቀኑ ራሱን የሚያደቅ ነው ተብሎ በሚታመንበት ዘመን ጋዜጦቹ ሰነፍ አሉት። ዛሬ ሰንዳፋ ወይም ሱሉልታ ብትወጡ ከከባዱ ልምምድ ማግስት አትሌቶቻችን ተሰልፈው፣ እያወሩ፣ ዱብ ዱብ ሲሉ ታያላችሁ። ማንም ሰነፍ አይላቸውም። ጡንቻ የሚጠነክረው ከድካሙ ሲያገግም ነውና፤ ከባድ ቀን በከባድ ቀን ላይ ከደረባችሁ መጀመሪያ ፍጥነቱ ይወርዳል፣ ቀጥሎ እግር ይጎዳል። ሎንግቦት ኮንትራቱን ራሱ ገዝቶ ከሩጫ አስተዳዳሪዎቹ (ማናጀሮቹ) እጅ ከወጣ በኋላ፣ በ1912፣ 15 ማይል በ1 ሰዓት ከ18 ደቂቃ ከ10 ሴኮንድ ሮጠ፤ አማተር ሳለ ካስመዘገበው በ7 ደቂቃ የፈጠነ። እንግዲህ ይህ ደም ነው ወይስ ስሌት? ጀግናውን በየማለዳው እስኪወድቅ የሚያስሮጥ የልጆች መጽሐፍ ሰነፍ ካሉት ጋዜጦች ጋር ወግኗል።

ይከብዳል ላላችሁት፦ አንዳንዱ መጽሐፍ ዱላ በዱላ ላይ ከምሮ የሕፃን እንቅልፍ ይነሣል፤ እሱን እቀበላለሁ። መጠን ያስፈልገዋል እንጂ መቀስ አያስፈልገውም። በአንድ ትዕይንት አንድ ነገር ይበቃል፦ ደወሉ፣ የተሸለተው ፀጉር፣ በገዛ ቋንቋ የተነገረችው የተከለከለች ቃል። ልጆቹ ትምህርት ቤቱን በሚበሉት የአጃ ምግብ፣ በ«መሽ»፣ ስም ይጠሩት ነበር፤ እሱም አንድ ትዕይንት ይወጣዋል። (ወደ አማርኛ የሚመልስ ሰው ግን «ገንፎ» እንዳይል። የእኛ ልጅ ወዲያው ቅቤና በርበሬ፣ አራስ ቤትና እልልታ ነው የሚታየው። «ውሃ ውሃ የሚል የአጃ ሙቅ» ይበል።) በመጨረሻ የሆነውንና የተፈጠረውን የሚለይ የደራሲ ማስታወሻ ይግባ፤ ከመታተሙ በፊትም ረቂቁን የዚያው ሕዝብ ሰው ያንብበው።

ልጁ ያሸንፋል፣ የቀጣው መምህር አቅፎ ይስመዋል፣ እርቅ ወረደ! እንዲህ የሚያልቀውን መጽሐፍ ነው የመረጣችሁት። የእኛ ሽማግሌዎች እንኳ በደሉ ሳይነገር ተነሡና ተሳሳሙ አይሉም፤ ካሳም ይቆርጣሉ። የአዳሪ ትምህርት ቤቶቹን በደል ያጣራው የካናዳው የእውነትና የእርቅ ኮሚሽን በ2015 ካወጣቸው 94 ጥሪዎች 87ኛው የነባር ሕዝቦች ስፖርተኞች ታሪክ ለሕዝብ ይነገር ይላል። ታሪክ ነው ያለው። ቶሮንቶ ከተማ ለቦስተኑ ድል ቃል የገባችለት 500 ዶላር በሕይወት ሳለ እጁ አልገባም። ከታወቀ በኋላ ያ ትምህርት ቤት ንግግር እንዲያደርግ ቢጋብዘው እምቢ አለ፤ ውሻውን እንኳ ወደዚያ እንደማይልክ ነው የተናገረው። የውሻውን ነገር ደግሞ የ9 ዓመት ልጅ ከማናችንም በላይ ይገባዋል።