ብዥታው የማን ነው?

አራት ኪሎ፣ አንድ ቡና ቤት በረንዳ ላይ፣ አራት ሰዎች በአንድ ደብተር ሊጣሉ ምንም አልቀራቸውም። የደብተሩ ባለቤት የ11ኛ ክፍል ተማሪ ናት። የተሰጣት የቤት ሥራ ቀላል ነበር፦ አንድ ፊልም፣ አንድ ዘፈን፣ አንድ መጽሐፍና አንድ ፎቶግራፍ መርጣ፣ የተሰማትን ለእያንዳንዱ በአንድ ገጽ መጻፍ። ሥራውን የሰጠቻት የአማርኛ መምህሯ አጠገቧ ተቀምጣለች። ሌሎቹ ሁለቱ፣ አንዱ ፊልም በጨለማ ክፍል እያጠበ ያረጀ ፎቶ አንሺ፣ አንዱ ክራር አስተማሪ ናቸው።

ነገሩን የቆሰቆሰው ፎቶ አንሺው ነው። አራተኛው ገጽ ላይ ሲደርስ ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበ፦ «የሦስቱ እህትማማቾች ፊት ብዥ ማለቱ የሚደበዝዝ ትዝታን ያሳያል። በመካከለኛዋ ግንባር ላይ ያረፈው ብርሃን ምርቃት ይመስላል። ቢጫነቱ የዘመኑ ቀለም ነው። የትንሿ እጅ ግን መሄድ ፈልጓል።»

«ይቺን ፎቶ በምን አየሻት?» አላት።

«በስልኬ። አልበሙ ዋሽንግተን አክስቴ ጋ ነው፤ እሷ በስልኳ አንስታ በቴሌግራም ላከችልኝ።»

«በይ እንግዲያው፣ ብዥታው የቴሌግራም ነው። ምርቃቱም የአክስትሽ ሳሎን አምፖል ነው።»

ልጅቷ ደንገጥ ብትልም አላፈገፈገችም። «ጋሼ፣ የተሰማሽን ጻፊ ነው የተባልኩት። ተሰማኝ፣ ጻፍኩ። አምፖል ሆነም ፀሐይ፣ የተሰማኝ ውሸት አይሆንም።»

መምህሯም ከእሷ ጋር ቆመች። «የልጆችን ስሜት ማረም የጀመርኩ ዕለት ሁሉም ደብተር አንድ ዓይነት ይሆናል። እኔ ምን እንደምወድ ያጠኑና እሱን ይጽፉልኛል። ይህ ገጽ ቢያንስ ከየትም አልተቀዳም።»

«መምህር፣ ስሜቷን አይደለም የምነካው፤ ምክንያቷን ነው» አለ ፎቶ አንሺው፤ ከዚያ በኋላ የሚያቆመው ጠፋ። የስልክ ካሜራ ረጅሙ ጎኑ 4000 ነጥብ (ፒክስል) የሆነ ምስል ያነሳል። ቴሌግራም በተለመደው አላላክ፣ ማለትም «ፎቶ» ተብሎ ሲላክ፣ ወደ 1280 ገደማ ያወርደዋል። ቁመቱም ስፋቱም አብረው ስለሚቀንሱ፣ ከአሥር ነጥብ የሚተርፈው አንድ ግድም ነው። የዓይን ሽፋሽፍትና የሹሩባ መስመር መጀመሪያ የሚጠፉት ለዚህ ነው። «ፋይል» ተብሎ ቢላክ ኖሮ እንዳለ ይደርስ ነበር። የግንባሩ ብርሃን ደግሞ የሚያብረቀርቅ ወረቀት ከጣሪያ አምፖል በታች ሲነሳ የሚመጣ ነጸብራቅ ነው፤ ፎቶውን መስኮት አጠገብ፣ ፀሐይ በቀጥታ በማይመታው ቦታ አስተኝቶ፣ ፍላሽ አጥፍቶ፣ ስልኩን ከወረቀቱ ጋር ትይዩ አድርጎ ማንሳት ይበቃል። ስካነር ከተገኘ 600 ዲፒአይ፣ ማለትም በአንድ ኢንች 600 ነጥብ፤ 9 በ12 ሴንቲ ሜትር የሆነች ፎቶ ከ2100 በ2800 ነጥብ በላይ ትሆናለች።

«ቢጫውስ?» አለች ልጅቷ፣ ይህን እንኳ አትነጥቀኝ በሚል ድምፅ።

ቢጫው ከራሱ ከወረቀቱ ነው፤ የዘመን ቀለም ግን አይደለም። ምስሉን የሚያጸናው ኬሚካል፣ ሃይፖ የሚሉት፣ በደንብ ካልታጠበ ወረቀቱ ውስጥ ቀርቶ ምስሉ የተሠራበትን የብር ማዕድን ቀስ በቀስ ይበላዋል። በዚያን ጊዜ ወረቀት አንድ ሰዓት ያህል በሚፈስ ውሃ መታጠብ ነበረበት። «ውሃ በሄደበት ቀን በባልዲ አንዴ ነክረን ያወጣነው ሁሉ ዛሬ ቢጫ ነው» አለ፤ ይህን ሲል ትንሽ ያፈረ ይመስል ነበር።

ክራር አስተማሪው እስከዚህ ድረስ ዝም ብሎ ሁለተኛውን ገጽ ሲያነብ ቆይቷል። ልጅቷ ስለ አንድ የትዝታ ዘፈን «ባዶ ቤት ውስጥ የሚዘፈን ይመስላል፤ የሚያሳዝነኝም ከበሮው ነው» ብላ ጽፋለች። ስልኳን ተቀብሎ ዘፈኑን መጀመሪያ በስልኩ ድምፅ ማጉያ፣ ከዚያ በጆሮ ማዳመጫ አሰማት። በማዳመጫው ከሥር ቤዝ ጊታር ወጣ። ያቺ ትንሽ ማጉያ ወፍራሙን ድምፅ ለማውጣት አቅም የላትም፤ ስለዚህ ባዶው ቤት ስልኩ ነበር። ሐዘኑን ደግሞ ከከበሮው ወደ ቅኝቱ መለሰው። በሙሉ ትዝታ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው፤ ይህ ዘፈን ግን በግማሽ ትዝታ ነው፤ ሚና ላ በግማሽ ድምፅ ወርደዋል። አንዱን ሐረግ በሁለቱም መንገድ አንጎራጎረላት። ምቱ ያው ሆኖ ሐዘኑ ሲመጣና ሲሄድ ሰማች። «ሦስት ጊዜ ስሚ» አላት፤ «አንደኛውን ምንም ሳትጽፊ፣ ሁለተኛውን የነካሽን ቦታ ደቂቃና ሰከንዱን እየመዘገብሽ፣ ሦስተኛውን እዚያ ቦታ ላይ ምን እንደተቀየረ ብቻ እየፈለግሽ።»

የፊልሙ ገጽ ብዙ አላከራከረም። የመረጠችው በ1976 እ.ኤ.አ. የወጣውን የኃይሌ ገሪማን «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» ነው፤ ጥቁርና ነጭ፣ 150 ደቂቃ። እሷ በአንድ ተኩል ፍጥነት በ100 ደቂቃ ጨርሳው «ሰዎቹ ሲራመዱ ይቸኩላሉ» ብላለች። መምህሯ ራሷ ሳቀች።

በመጽሐፉ ገጽ ግን የሳቀችው መምህር ተከላካይ ሆነች። ልጅቷ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በወጋየሁ ንጋቱ የሬዲዮ ትረካ ሰምታ፣ «ደራሲው ፊታውራሪ መሸሻን ሲያናግራቸው ድምፃቸው ያስቃል» ብላ ጽፋለች። ፎቶ አንሺው፣ ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት ወረቀት ነው፣ ድምፁ የወጋየሁ ነው አለ። መምህሯ ደግሞ፣ ትረካው ራሱ ሥራ ነው፣ ስንቱ ሰው መጽሐፉን የሚያውቀው በዚያ ድምፅ ነው አለች። መጨረሻ ላይ ክራር አስተማሪው ያቺኑ ንግግር ከመጽሐፉ ፈልጋ ራሷ ጮክ ብላ እንድታነባት ሐሳብ አቀረበ፤ ያኔም ካሳቀቻት ሳቁ የሐዲስ ነው፣ ካላሳቀቻት የወጋየሁ።

በዚህ መሃል ስልኩ ጮኸ። አክስቲቱ፣ እዚያ ገና ጧት ነበር፣ ፎቶውን መስኮት አጠገብ እንደገና አንስታ በፋይል ልካዋለች። ፊቶቹ ጥርት አሉ። ምርቃቱ የለም። የሦስቱም የቀሚስ አንገት ጥልፍ ይቆጠራል፤ የትንሿ ልጅ ቀኝ እጅ ግን፣ ከእህቷ ትከሻ ላይ ያረፈው፣ አሁንም ብዥ ብሏል። ፎቶ አንሺው ምስሉን አጎላው፣ መነጽሩን አወለቀ፣ እንደገና አጎላው። ሁሉም ነገር ጥርት ብሎ ጣቶቹ ብቻ ከተሳቡ ካሜራ አልተንቀጠቀጠም፣ ፎከስም አልሳተም ማለት ነው። በስቱዲዮ መብራት፣ የካሜራው መዝጊያ ቀስ ብሎ ሲከፈትና ሲዘጋ ትንሿ እህት እጇን አንስታለች።

«ይሄ ከራሱ ከካሜራው ፊልም ነው» አለ በመጨረሻ። «እጁ እውነትም ሊሄድ ነበር።»

እኔን ብትጠይቁኝ፣ መምህሯ ስሜት አይታረም ማለቷ ልክ ነው፤ ፎቶ አንሺውም ያን ያህል መጮህ አልነበረበትም። ነገር ግን በገጹ ላይ ከነበሩት አራት ዓረፍተ ነገሮች ሁለቱ ስለ ስልክ የተጻፉ ናቸው፣ ሦስተኛው ስለ ውሃ እጥረት። ስለ ሦስቱ እህትማማቾች የተጻፈው የእጁ ብቻ ነው፤ ያንንም ያየችው ምስሉ ተበላሽቶ እያለ፣ ማንም ሳይነግራት ነው። ስለዚህ ቀዩን እስክሪብቶ ለእኔ ቢሰጡኝ ምንም አልሰርዝም። ከየገጹ አናት ላይ አንድ መስመር አስጨምራለሁ፦ በምን አየሁት፣ በማን በኩል ደረሰኝ፣ በምን ፍጥነት፣ ስንት ጊዜ። ውጤቱን መምህሯ ትጨነቅበት፤ እኔ ለእጁ ብቻ ሙሉውን እሰጥ ነበር።