ሜትር ለምኔ!

ሜትር ይዞ የሚዞር ሰው ደስ አይለኝም። ያቺን ቢጫ ጥቅልል ከኪሱ መዘዝ አድርጎ በር ይለካል፣ ደረጃ ይለካል፣ ግድግዳ ይለካል። በሰው አያምንም፣ በግምት አያምንም። እንዲህ ያለ ሰው ሶፋ ይግዛ፣ ግድ የለም። የመንግሥት ግዢ ግን ለእሱ አይሆንም። የመንግሥት ግዢ ልበ ሙሉ ሰው ነው የሚፈልገው።

ድሮ የሠራሁበት አንድ መሥሪያ ቤት ነበር፣ ስሙ ይቆየን። የስብሰባ ጠረጴዛ ይገዛ ተባለ። ሦስት ፕሮፎርማ ተሰበሰበ፣ ኮሚቴ ተቀመጠ፣ ቃለ ጉባኤ ተፈረመ። ጠረጴዛው በአይሱዙ መጣ። ጫኝና አውራጆቹ እያቃሰቱ ሦስተኛ ፎቅ አደረሱትና በሩ ላይ ቆሙ። በቁመቱ ሞከሩት፣ በጎኑ ሞከሩት፣ እግሩን ወደ ላይ ገለበጡት። አንደኛው ላቡን በክንዱ እየጠረገ «ጌታዬ፣ ይሄ በር ነው መስኮት?» አለ። ማንም አልመለሰለትም።

የግዢ ኃላፊያችን ጋሼ (ሁላችንም ጋሼ ነበር የምንላቸው) ኮሪደሩ ላይ ቆመው ሻይ ይጠጣሉ። ጠጋ ብዬ «ጋሼ፣ በሩን ለክተውት ነበር እንዴ?» አልኳቸው። ከመነጽራቸው በላይ አዩኝ።

«ልጄ፣ ሰነዱ ላይ እኮ በር የሚል የለም።»

ሄጄ አየሁት፤ እውነታቸውን ነው። የእንጨቱ ዓይነት አለ፣ የቫርኒሹ ቀለም አለ፣ የማስረከቢያው ቀን አለ፣ ቫት አለ። በር የለም። በስተመጨረሻ በሩ ከነመቃኑ ተነቅሎ ጠረጴዛው ገባ። ለመንቀያውም ሦስት ፕሮፎርማ ተሰበሰበ።

ያኔ ስቄ ነበር፣ ሞኝ ነበርኩ። ጋሼ ዓለም አቀፍ ደረጃ ያላቸው ባለሙያ መሆናቸው የገባኝ ዘግይቶ ነው፤ መንግሥታት ባቡር እንዴት እንደሚገዙ ማንበብ ስጀምር።

ከፈረንሳይ እንነሳ። የባቡር ድርጅቱ ኤስኤንሲኤፍ ከከተማ ከተማ ሰው የሚያመላልስ አዲስ ባቡር ፈለገ። አልስቶምና ቦምባርዲየር፣ ሁለት ተፎካካሪዎች፣ ድርሻ ድርሻቸውን አገኙ። በአጠቃላይ 341 ባቡር ታዘዘ፤ ሰፋ ያለ፣ ምቹ፣ ዘመናዊ። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2014 አንድ የሽሙጥ ጋዜጣ (አያችሁ፣ የሙያ ባልደረባ የትም አይጠፋም) ጉዱን ዘረገፈው። ባቡሮቹ በጣም ሰፍተዋል። ወደ 1,300 የሚሆን ፕላትፎርም (ተሳፋሪ ቆሞ የሚጠብቅበት መድረክ) ጠርዙ ካልተፋቀ አያልፉም። መፋቂያው 50 ሚሊዮን ዩሮ።

እንዴት ሆነ? ልኬቱን የሰጠው ያኔ ሐዲዱን ያስተዳድር የነበረው ሌላ ድርጅት ነው። እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ ባቡሩ የአንዱ፣ ሐዲዱ የሌላው ሆኖ ነበር፤ እንደ ተፋቱ ባልና ሚስት በልጅ በኩል ነበር የሚነጋገሩት። የሐዲዱ ድርጅት ደግሞ የሰጠው ባለፉት 30 ዓመታት የተሠሩትን ጣቢያዎች ልክ ነው። ያረጁት ጠበብ ጠበብ ያሉ ናቸው፤ እነሱን የጠየቀ የለም። የፈረንሳዩ ጋሼ ሻዩን ይዞ ቆሞ ታየኝ። «ልጄ፣ ሰነዱ ላይ አሮጌ ጣቢያ የሚል የለም።»

ደግሞ ፍትሐዊነቱን ተመልከቱ። ብዙ ሀገር ጨረታ ሲወጣ አንዱ ተጫራች ተጠቀመ ሌላው ተጎዳ እየተባለ ክስ ነው። እዚህ ግን የሁለቱም ባቡር እኩል ሰፋ። የተጎዳው ፕላትፎርሙ ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ አቤቱታ አያስገባም። ክልሎቹ የመፋቂያውን አንከፍልም ብለው ሲያኮርፉ እንጂ ነገሩ በሰላም ያለቀ ነበር። ለነገሩ ተፎካካሪዎቹም በኋላ ተጋቡ፤ እ.ኤ.አ. በ2021 አልስቶም የቦምባርዲየርን የባቡር ሥራ ጠቅልሎ ገዛው።

እስፓኝ ደግሞ ከዚህ ላቅ ያለ ጥበብ አሳየች። ሰሜን እስፓኝ፣ አስቱሪያስና ካንታብሪያ ተራራማ ሀገር ነው፤ ጠባብ ሐዲድ አለው፣ ዋሻዎቹ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የተቆፈሩ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2020 ለዚያ መስመር 31 ባቡር በ258 ሚሊዮን ዩሮ ታዘዘ። አምራቹ ካፍ የተባለ የዚያው ሀገር ኩባንያ ሥራውን ሲጀምር የተሰጠውን ልክ አየና ነገሩ አላማረውም። በዚህ ልክ የተሠራ ባቡር በዋሻው አያልፍም አለ። ልብ በሉ፣ ሻጩ ነው ገዢውን «አይገባልህም» ያለው! እኛ ሰፈር እንዲህ ያለ ነጋዴ ቢገኝ ሱቁን ጠበል እናስረጨው ነበር።

አንድም ባቡር ሳይሠራ ስህተቱ ተያዘ። ብረት አልባከነም፣ የባከነው ዓመት ነው። ነገሩ አደባባይ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2023 መጀመሪያ ሲሆን፣ ማካካሻው ባቡሩ እስኪመጣ ድረስ በአሮጌው በነፃ ተሳፈሩ የሚል ነበር። እስከዚህ ድረስ ጎሽ ብያለሁ። ያልወደድኩት ቀጥሎ የመጣውን ነው። የባቡር ድርጅቱ ፕሬዚዳንት ኢሳያስ ታቦአስና የትራንስፖርት ሚኒስትር ዴኤታዋ ኢሳቤል ፓርዶ ደ ቬራ ሥልጣን ለቀቁ። አይ፣ ይሄ መጥፎ ልማድ ነው! በጠረጴዛው ምክንያት ጋሼ ለቀው ቢሆን ኖሮ በሩን ማን ያስነቅለው ነበር?

ደቡብ አፍሪካ ግን አህጉራችንን አኮራች። የመንገደኛ ባቡር ድርጅቱ ፕራሳ 70 ሎኮሞቲቭ (ባቡሩን የሚጎትተው ሞተር) በ3.5 ቢሊዮን ራንድ አዘዘ። ስዊፋምቦ የሚባል ኩባንያ መሀል ገባ፣ ሥራው ፎስሎ ለተባለ ኩባንያ የእስፓኝ ፋብሪካ ተሰጠ። እ.ኤ.አ. በ2015 አንድ ጋዜጣ ሎኮሞቲቮቹ ለሀገሪቱ መስመር ከፍታቸው በዝቷል ብሎ ጻፈ። ፈረንሳይ በስፋት ተሳሳተች፣ እስፓኝ በዋሻ፤ ደቡብ አፍሪካ ወደ ላይ ተሳሳተች። ዕድገት ይሉሃል ይሄ ነው። ከ70ው 13ቱ ብቻ ደርሰው ነገሩ ፍርድ ቤት ገባ፤ ውሉም እ.ኤ.አ. በ2017 ተሰረዘ።

የኔ ጀግና ግን ከሎኮሞቲቩ ጀርባ ያለው ሰው ነው። የድርጅቱ የምህንድስና ኃላፊ ዳንኤል ምቲምኩሉ «ዶክተር» ነበር። ሲጣራ ዶክትሬት የለም። ማስተርስም የለም። ያለችው የሁለተኛ ደረጃ ማጠናቀቂያ ናት። ከዚያም አልፎ ከአንድ የጀርመን ኩባንያ የሥራ ጥሪ መጣልኝ የሚል የሐሰት ደብዳቤ አዘጋጅቶ ደመወዙን አስጨምሯል። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2024 የ15 ዓመት እስር ተፈረደበት። እስቲ አስቡት፣ በዚያ ሁሉ ስብሰባ ላይ «ዶክተር እንዳሉት» እያለ ያልተናገረ ይኖራል? ዶክተር ከተባለ በኋላማ ማን ሜትር ያወጣል? እኛም ብንሆን ስሙ ፊት ዶ/ር ያለበትን ሰው ፎቶ ኮፒ አምጣ አንለውም፣ ነውር ነው።

እኛስ እንበል። እኛ በመለካት አንታማም። የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር ፕላትፎርሙ ላይ ልክክ ነው ያለው፤ አይሰፋም፣ አይጠብም፣ ሽቦውንም አይነካም። በተፎካካሪዎች ፖስታ ከፈታም ብዙ አልተንገላታንም፤ አበዳሪው ቻይና፣ ገንቢው ቻይና፣ ባቡር ሠሪው ቻይና። 475 ሚሊዮን ዶላር፣ 85 በመቶው ከኤግዚም ባንክ ብድር። መስከረም 2008 ዓ.ም. ከምኒልክ አደባባይ እስከ ቃሊቲ ጀመረ፣ ብዙም ሳይቆይ ከአያት እስከ ጦር ኃይሎች ተከተለ። አንዱ መስመር አረንጓዴ፣ አንዱ ሰማያዊ፣ 41 ባቡር። ሰዉ በደስታ ያለ ጉዳዩ ሁሉ ቃሊቲ ደርሶ ይመለስ ነበር።

ታዲያ በ2015 ዓ.ም. ከ41ዱ የሚሠሩት 8 ብቻ ናቸው ተብሎ ተዘገበ። መለዋወጫ የለም፣ ለመለዋወጫው ዶላር የለም። ቪትዝ የሚገዛ ሰው እንኳ ደላላውን መጀመሪያ የሚጠይቀው «ዕቃዋ ይገኛል?» ብሎ ነው። ሶማሌ ተራ ሄዶ የፍሬን ሸራዋን ዋጋ ሳያጣራ ቀብድ አይከፍልም። ግን ቪትዝ ትንሽ ነገር ናት። ሠላሳ ዓመት ያገለግላል የሚባል ባቡር እየገዙ በአምስተኛው ዓመት ጎማው ሲያልቅ ከየት ይመጣል ብሎ መጠየቅ ሰርግ ላይ ስለ ፍቺ እንደማውራት ነው። ሪባኑ ተዘርግቶ፣ መቀሱ በትሪ ቀርቦ፣ ማን ደፍሮ ይጠይቃል? ጋሼ እዚያ ቢኖሩ መልሳቸውን አውቀዋለሁ። «ልጄ፣ ሰነዱ ላይ አምስተኛ ዓመት የሚል የለም።»

ባለፈው ያ የድሮ መሥሪያ ቤቴ ወደ አዲስ ሕንፃ ሊዛወር መሆኑን ሰማሁ። ጠረጴዛው አብሮ አይሄድም። በሩ ከተነቀለ በኋላ መልሶ ሲገጠም በድሮው ልክ ነው የተገጠመው፤ ስለዚህ መግባት እንጂ መውጣት የለም። ዘንድሮ አዲስ ጠረጴዛ ይገዛል፣ ከድሮው የሚበልጥ፣ ባለ ሃያ አራት ወንበር። ጋሼ ጡረታ ወጥተዋል፣ በቦታቸው የተተካው ልጅ ኮምፒውተር ላይ የሚውል ፈጣን ጎረምሳ ነው። ደወልኩለትና በሩን ለክተሃል ወይ አልኩት።

«የምን በር?» አለኝ። «በሊፍት ነው እኮ የሚወጣው።»